ሳልጠይቅ የጻፍኩት «አይ»

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የክፍላችን ሰዎች ተሰብስበው ኬክ ቆረሱልኝ። ከመጣ ሁለት ዓመት ያልሞላው አዲሱ አለቃችን ብርጭቆውን ከፍ አድርጎ፣ «በአድና እጅ ባለፈ መረጃ ላይ ዓይኔን ጨፍኜ እፈርማለሁ» አለ። ሰው አጨበጨበ። እኔም ጥርሴን አሳየሁ። ከእሱ በፊት የነበረው አለቃ ዓይኑን ጨፍኖ ፈርሞልኝ ያውቃል፤ በዚያ ምክንያት አባቴን የሚያህሉ አንድ ሽማግሌ ሊሞቱብኝ ነበር። እኔ ሳልጠይቃቸው «አይ» ብዬ ስለጻፍኩ ነው። ኬኩ ፊት ቆሜ ይህን መናገር አልቻልኩም። ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ ግን፣ ሳልጽፈው ከቀረሁ ሲከነክነኝ ሊኖር ነው አልኩ።

ሥራዬን ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ይከብዳል። ልጆቼ እንኳ «እናታችን ሆስፒታል ነው የምትሠራው» ከማለት አልፈው አያውቁም። ሐኪም አይደለሁም፣ ነርስም አይደለሁም። አዲስ መድኃኒት በሰው ላይ ሲጠና፣ የሚወስደው ሰው ምን እንደሆነ እየተከታተልኩ የምመዘግብ ሰው ነበርኩ። ክብደቱ፣ የደም ግፊቱ፣ የዋጠው ክኒን፣ ያመመው ቦታ፣ ሁሉም በየሳጥኑ ይገባል። የብዙ ሆስፒታል ሳጥኖች አንድ ላይ ይሰበሰቡና አንድ ቀን ከሩቅ የተቀመጡ ሰዎች «ይህ መድኃኒት ይጎዳል» ወይም «አይጎዳም» ይላሉ። እነዚያ ሰዎች በሽተኛውን አያውቁትም። የሚያውቁት እኔ የጻፍኩትን ብቻ ነው። ይህን ያወቅኩ ቀን ነው ፍርሃቴ የጀመረው ብል ውሸት አይሆንም።

ድሮም ግን ደፋር አልነበርኩም። ከጎንደር በሱዳን በኩል እስራኤል የመጣሁ ነኝ፤ የመንገዱን ነገር ሌሎች ብዙ ጊዜ ተናግረውታል፣ እኔ አልደግመውም። በር ሲንኳኳ እደነግጣለሁ። ከመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ሲመጣልኝ ሳልከፍተው አንድ ቀን አሳድረዋለሁ። ባለቤቴ በሕይወት ሳለ፣ «አንቺን እኮ ፖስተኛም ያስበረግግሻል» እያለ ይስቅብኝ ነበር።

እንደ ብዙዎቻችን መጀመሪያ የያዝኩት ሥራ መጥረጊያና ባልዲ ነው። የሆስፒታሉን ስም አልጽፍም፤ ከአሽቀሎን ወጣ ያለ፣ ከዩኒቨርሲቲ ጋር የሚሠራ ትልቅ ሆስፒታል ነው ማለት ይበቃል። ማለዳ ከምኖርበት ከአቲቆት ሰፈር ወደ ሚግዳል ገበያ እወርድና፣ ነጋዴዎቹ ቲማቲማቸውን ሲደረድሩ አውቶቡስ እይዝ ነበር። አንድ ጠዋት የልብ ክፍሉን ኮሪደር ስወለውል፣ ዶክተር ሻውል የሚባለው፣ በኋላ አለቃዬ የሆነው ሐኪም አንዲት የጎንደር እናት አልጋ አጠገብ ቆሞ ይጠይቃል። ደረትሽን ያምሻል? «ኬን» ይላሉ፣ አዎ ማለታቸው ነው። አሁን ተሻለሽ? «ኬን።» እግርሽ አብጧል? «ኬን።» ዶክተሩ እግራቸውን ገልጦ አየው፤ ምንም አላበጠም።

ምን እንደገፋፋኝ አላውቅም፣ መወልወያውን ግድግዳው ላይ አስደግፌ፣ «ዶክተር፣ አዎ የሚሉህ ገብቷቸው አይደለም። ሐኪም ፊት አይ ማለት ነውር መስሏቸው ነው» አልኩት።

ዞር ብሎ አየኝና ወደሚቀጥለው አልጋ አለፈ። ሥራዬ አለቀለት ብዬ ሳምንቱን ሙሉ ስፈራ ሰነበትኩ። በሳምንቱ እሱው ራሱ የጽዳት ዕቃ የምናስቀምጥበት ክፍል ድረስ መጥቶ፣ «የጥናት ክፍል ውስጥ ከእናንተ ቋንቋ የሚያስተረጉም ሰው እፈልጋለሁ» አለኝ። ደመወዙ ከጽዳቱ እምብዛም አይበልጥም ነበር፤ ወንበር ግን ነበረው።

እዚያ ነው ሉድሚላን ያገኘኋት። ሉድሚላ ከሩስያ የመጣች፣ በአገሯ የመድኃኒት ባለሙያ የነበረች ሴት ናት። ዕብራይስጧ ከእኔ የባሰ ስለነበር ሁለታችንም ቀስ ብለን፣ ቃል እየመረጥን ነበር የምናወራው። ሥራ ስትጀምር መጀመሪያ የእጅ ሰዓቷን ፈትታ መሳቢያ ውስጥ ትከተዋለች። «ሰዓት ካየሁ እቸኩላለሁ» ትላለች። ከዚያ ወረቀቱን ዘርግታ እያንዳንዱን ቁጥር በጣቷ እየነካች፣ ብቻዋንም ብትሆን፣ ጮክ ብላ ታነባለች። በሽተኛው ፊት የምትጽፈው በእርሳስ ነው፤ በሽተኛው ከሄደ በኋላ አንድ ጊዜ ደግማ አንብባ ነው በእስክሪብቶ የምትጽፈው።

እኔ የሞላሁት ላይ ስትደርስ ጣቷ ይቆማል። «ማን አለ?» ትለኛለች።

«እንዴት ማን አለ? እዚህ ተጽፏል።»

«እሱማ ይታየኛል። በሽተኛው ነው ያለው፣ ሚስቱ ናት፣ ወይስ አንቺ ገመትሽ?»

መጀመሪያ ሰሞን ደሜ ይፈላ ነበር። የገዛ ወገኔን ቋንቋ እኔ አላውቅም ወይ እላለሁ በልቤ። የልደት ቀን ጉዳይ ነው ያበረደኝ። የኛ ሽማግሌዎች ስንመጣ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ የልደት ቀን ሲጠየቁ ማን ያውቃል? ጸሐፊዎቹ ለብዙዎቹ የጥር መጀመሪያን እየሰጡ አሳለፏቸው። እኔም ከመታወቂያው ላይ እየገለበጥኩ እጽፍ ነበር። አንድ ቀን ሉድሚላ የአሥራ አንድ ሰው ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ደርድራ፣ «እነዚህ ሁሉ በአንድ ቀን ተወለዱ?» አለችኝ። ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም። ከዚያ በኋላ ለየሰዉ እየደወልን፣ የትኛው መከር፣ የየትኛው ልጅ እኩያ እያልን ዓመቱን ብቻ አገኘን፤ ወሩንና ቀኑን ባዶ ተውነው። ያላወቅነውን ያወቅን አስመስለን እንዳንጽፍ ነበር ልፋቷ ሁሉ።

ከሷ ጋር ብዙ ዓመት ሠራሁ። ከዚያ አዲሱ ደረጃ መጣ። ቢሮ ውስጥ «ቴኬን» ነው የሚሉት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድሮ እያንዳንዱ ሆስፒታል እንደየልማዱ ነበር የሚጽፈው። አንዱ ቀን ያስቀድማል፣ አንዱ ወር ያስቀድማል። አንዱ ወንድን በቁጥር ይጽፋል፣ ሌላው በፊደል። ራስ ምታት ብቻ አምስት ዓይነት ስም ነበረው። የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች ጥናታቸውን አንድ ላይ ሲያደርጉት የሚነበብ ነገር ይጠፋል። ስለዚህ ሁሉም በአንድ ዓይነት ሳጥን፣ በአንድ ዓይነት ስም፣ ዓመት አስቀድሞ፣ ሕመሙንም ከአንድ የጋራ መዝገብ በቁጥር እየመረጠ ይጻፍ ተባለ። ወረቀት ቀረና ኮምፒውተር መጣ። የሰው ዓይን ሳያየው ኮምፒውተሩ ራሱ ደምሮ ቀንሶ ለሐኪሙ ያሳያል።

ስልጠናው ላይ ከኋላ ተቀምጬ ላብ ያሰምጠኝ ነበር። ሌሎቹ ዩኒቨርሲቲ የጨረሱ ወጣቶች ናቸው። እኔ ከመወልወያ የመጣሁ ሴት ነኝ፤ አንድ ቁልፍ ተሳስቼ ብነካ የሰው ነፍስ የሚጠፋ ይመስለኛል። ከሁሉ የከበደኝ ደግሞ የወረቀቱ ዳር መጥፋቱ ነው። በወረቀቱ ዳር ላይ ብዙ ነገር እጽፍ ነበር፤ «እማማ ዛሬ ከወትሮው ዝም ብለዋል»፣ «ክኒኑን ለእህታቸው አካፍለው ይሆናል፣ ይጣራ» እያልኩ። ኮምፒውተሩ ዳር የለውም። ሳጥኑ የሚፈልገውን ይቀበላል፣ ሌላውን አያውቅም።

ሉድሚላ ጡረታ ልትወጣ አንድ ዓመት ቀርቷት ነበር። እሷ ትረግመዋለች ብዬ ስጠብቅ ጭራሽ ደስ አላት። ወንበሬን ስባ አጠገቧ አስቀመጠችኝና አንድ ጥያቄ ከፈተች። ከሥሩ ሦስት መልስ አለ፤ «አዎ»፣ «አይ» እና «አልተጠየቀም»።

«አየሻት? ይህችን ሦስተኛዋን ስንት ዓመት ስፈልጋት ኖርኩ! በወረቀቱ ጊዜ ባዶ የቀረ ሳጥን ሁሉ አይ ይባል ነበር። አይ እና አልተጠየቀም የተለያዩ ናቸው፣ አድና። ይህችን አትፍሪያት» አለችኝ።

እኔ ግን ከሁሉም አብልጬ የፈራሁት እሷኑ ነበር። «አልተጠየቀም» የሚለውን የነካ ሰው ስሙ ጎን ቀይ ምልክት ይወጣበታል። ለምን አልጠየቅሽም የሚል ደብዳቤ ይመጣል፣ እስክትመልሺ አይለቅሽም። በየወሩ መጨረሻ ደግሞ የማን ስንት ቀይ እንዳለው የሚያሳይ ዝርዝር የሻይ ክፍሉ በር ላይ ይለጠፋል። ያ ዝርዝር በተለጠፈ ቁጥር ስሜን የምፈልገው በአንድ ዓይኔ ነበር። ከስሜ ጎን ዜሮ ነው። ወሩ ሲመጣ ዜሮ፣ በሚቀጥለው ወር ዜሮ። ዶክተር ሻውል በሰው ፊት፣ «ከአድና ተማሩ» አለ። ሉድሚላ ያኔ ሄዳለች። ብትኖር ኖሮ ዜሮው ላይ ጣቷን አቁማ ምን እንደምትለኝ አውቀዋለሁ።

በዚያው ሰሞን ነው የደም ማቅጠኛው ሁለተኛ ጥናት የተጀመረው። የልብ ምታቸው የተዛባ ሰዎች ደማቸው እንዳይረጋ የሚወስዱት ክኒን ነው። የዚህ መድኃኒት ፍርሃቱ አንድ ነው፤ ደም መፍሰስ። ስለዚህ በየጉብኝቱ የምንጠይቃቸው አራት ጥያቄዎች ነበሩ፤ ከአፍንጫ፣ ከድድ፣ ከሽንት፣ ከሰገራ። የመጨረሻው እንዲህ ይላል፤ «በሰገራህ ላይ ደም ወይም እንደ ሬንጅ የጠቆረ ነገር አይተሃል?» ሆድ ውስጥ የሚደማ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ምልክት እሱ ነው። እሱ ካመለጠ የሚቀጥለው መውደቅ ነው።

አባባ ፈረደን ወደ ጥናቱ ያስገባኋቸው እኔ ነኝ። ሺምሾን ሰፈር ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከባለቤታቸው ከእማማ ትርንጎ ጋር ይኖራሉ። ከአባቴ ጋር በአንድ ቀዬ ያደጉ፣ እዚህ መጥተው ብርቱካን በሚታሸግበት መጋዘን ሲሠሩ ያረጁ፣ ሸሚዛቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ ሰው ናቸው። አባቴ የሞተ ጊዜ ሰባቱን የሐዘን ቀን ሙሉ ከጎናችን አልተነሡም። የጥናቱን ወረቀት በዕብራይስጥም በአማርኛም አነበብኩላቸው። እስከ መጨረሻው አልሰሙኝም።

«ሜኽካሩ ያንቺ ነው?» አሉኝ። ጥናቱን ማለታቸው ነው።

«እኔ የምሠራበት ነው፣ አባባ።»

«እንግዲያ ምን ታስነብቢኛለሽ። አምጪው ልፈርም።»

የመጀመሪያው ጉብኝት ላይ እማማ ትርንጎ ሻይ አቅርበው አጠገባችን ተቀመጡ። ኮምፒውተሬን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ጠየቅኩ። አፍንጫዎን ደም ነስሮት ያውቃል? አያውቅም። ጥርስዎን ሲፍቁስ ድድዎ ይደማል? አይደማም። «ሽንትዎስ?» ስል ድምፄ ቀነሰ። አባባ ወደ መስኮቱ ዞረው፣ «ደህና ነው» አሉ። እማማ ትርንጎ ስኒውን አነሡና አስቀመጡት።

አራተኛው ጥያቄ ቀረ። በዚያ ቤት፣ በዚያ ወንበር ላይ፣ የአባቴን ባልንጀራ ስለ ሰገራቸው መጠየቅ! በኛ ዘንድ ሴት ልጅ ቀርቶ ወንድ ልጅም ለአባቱ እንዲህ ያለ ነገር አያነሣም። ለማያውቁኝ ሰዎች በዕብራይስጥ መቶ ጊዜ ጠይቄዋለሁ፤ ቃሉን በአማርኛ ማውጣት ግን አልቻልኩም። እሳቸው ደግሞ ያቺው የባልንጀራዬ ልጅ ናት ብለው በእምነት ዓይን ያዩኛል።

«ሌላስ የሚያስቸግርዎ ነገር አለ፣ አባባ?» አልኩ።

«ተመስገን፣ ምን አለኝ ልጄ።»

አውራ ጣቴ «አይ» ላይ ወረደ። በሚቀጥለው እጠይቃለሁ ብዬ ራሴን አባበልኩ።

በሚቀጥለው ጉብኝት ከቤት ስነሣ ጀምሮ አፌ ውስጥ ስለማመደው መጣሁ። ሦስቱን ጠየቅኩና፣ «አባባ፣ አንድ የሚያሳፍር ጥያቄ አለኝ» ብዬ ጀመርኩ። ያኔ የሮኬት ማስጠንቀቂያው ሳይረን ጮኸ። አባባን በክንዳቸው ደግፌ፣ እማማ ትርንጎ ከኋላ፣ ማማድ ወደሚባለው የቤቱ መጠለያ ክፍል ገባን፤ የብረት በሩን ዘጋሁት። ሦስታችንም የልብስ ማስጫው አጠገብ ተደግፈን ቆምን። ፍንዳታው ሲሰማ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። ሁሉም ሰው በዚያ ሰዓት ይፈራል፤ እኔም ፈርቻለሁ። ግን ከፍርሃቴ ሥር ሌላ ነገር ነበር፣ ሳልደብቀው ልጻፈው፤ ደስ ብሎኝ ነበር። ጥያቄውን ሳልጠይቅ ተገላገልኩ። ስንወጣ አባባ፣ «ምን ልትጠይቂኝ ነበር?» አሉኝ። «ይቅር፣ አባባ፣ ዛሬስ ደክሞዎታል» አልኩ። አውቶቡስ ላይ ቁጭ ብዬ «አይ» ሞላሁ።

ሦስተኛው ላይ ነገሩ ልማድ ሆኖ ነበር። ስለ ልጆች ተጫወትን፣ ሦስቱን ጠየቅኩ፣ አራተኛውን ሳላስበው አለፍኩት። አባባ ያን ቀን ሻያቸውን አልጨረሱም። ከወንበራቸው ሲነሡ ጠረጴዛውን ያዙ፤ ከንፈራቸውም ነጣ ብሎብኝ ነበር። በወረቀቱ ዘመን ቢሆን ዳሩ ላይ እጽፈው ነበር። እዚህ የምጽፍበት ሳጥን አልነበረም ማለት ይቀለኛል፤ እውነቱ ግን ሦስተኛዋ መልስ ከፊቴ ነበረች። እሷን ብነካ ቀይ ይወጣል፣ ደብዳቤ ይመጣል፣ ተመልሼም መጠየቅ ይኖርብኛል። ዶክተር ሻውል ሦስቱንም ጉብኝት በአንድ ቁጭታ ፈረመበት።

ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት አልሞላም። ሚግዳል አውቶቡስ እየጠበቅኩ ስልኬ ጠራ። እማማ ትርንጎ ናቸው።

«አድናዬ፣ ሰውዬው ወደቀብኝ። አምቡላንስ ይዞት ሄደ። ወዳንቺ ሆስፒታል ነው ያሉኝ። ድረሽልኝ።»

እንዴት እንደደረስኩ አላስታውስም። ድንገተኛ ክፍል ስገባ አባባ ፈረደ አልጋው ላይ ተጋድመው፣ ፊታቸው አመድ መስሎ፣ ያ የተተኮሰ ሸሚዛቸው በመቀስ ተቀድዶ አገኘኋቸው። ዓይናቸው ተከድኗል። አንዲት ወጣት ሐኪም የልባቸውን ወረቀት ይዛ ከነርሱ ጋር በፍጥነት ታወራለች። ልብ ነው የመሰላት። ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መርፌ ልትሰጥ ነው። የደሙ ምርመራ ውጤት ገና አልወጣም። ከመስጠቷ በፊት ግን እንደ ደንቡ ኮምፒውተሩን ከፈተች።

«የደም ማቅጠኛ ጥናት ውስጥ ነው። መድማት ነበረበት?» አለች ለራሷ። ከዚያ በጣቷ እየወረደች ጮክ ብላ አነበበች። «ሎ። ሎ። ሎ። ሦስት ጊዜ ተጠይቋል፣ ሦስቱንም አይ ነው። ስጠው።»

ነርሱ መርፌውን አዘጋጅቶ ይዟል። ያ በኮምፒውተሩ ላይ ያለው «አይ» የእኔ ነው። ዝም ብል የሚያውቅብኝ የለም። ይህን ያሰብኩት ምናልባት አንድ ትንፋሽ ለሚያህል ጊዜ ነው፤ ግን አስቤዋለሁ። የአልጋውን ብረት ያዝኩ።

«አትስጪው» አልኳት። «አልጠየቅኳቸውም።»

«ምን?»

«እኔ ነኝ የጻፍኩት። ስለ ሰገራቸው አልጠየቅኳቸውም። አፍሬ ነው። አይ ማለት አይደለም፤ አልተጠየቀም ማለት ነው።»

ወጣቷ ሐኪም አየችኝ። ያን አስተያየት እስከ ዛሬ አልረሳውም፤ ንቀትም አልነበረም፣ አንድ የማያስተማምን ድልድይ ላይ ቆማ እንደነበር የገባት ሰው አስተያየት ነው። ነርሱን እጁን ይዛ አስቆመችው። ጓንት አጠለቀች፣ መጋረጃውን ሳበች። ጥቂት ቆይታ ስትወጣ፣ «ደም! ቶሎ ደም አምጡ!» እያለች ነበር። ሆዳቸው ውስጥ ሲደማ ከርሟል።

አባባ ተረፉ። የተረፉት በደጋግ ሰዎች እጅ ነው እንጂ በእኔ አይደለም፤ ይህን የምለው ለትሕትና አይደለም።

በማግስቱ ዶክተር ሻውል ቢሮው አስገባኝና በሩን ዘጋ። መዝገቡ መታረም ነበረበት። በአዲሱ ደረጃ የተጻፈ ነገር አይፋቅም፤ አዲሱን ስትጽፊ አሮጌው ከሥሩ ይቀመጣል፤ ማን፣ መቼ፣ ለምን እንደቀየረው ለዘላለም ይታያል። «ለምን» ለሚለው የሚመረጡ ምክንያቶች ዝርዝር አለ። ዶክተር ሻውል ለእኔ አዝኖ ይሁን ለራሱ ፊርማ ፈርቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የአጻጻፍ ስህተት የሚለውን ምረጪ። ጣትሽ ስቶ ነው። በሰው ላይ የሚደርስ ነው» አለኝ።

ጡረታዬ፣ ልጆቼ፣ ዝርዝሩ ላይ ያለው ዜሮ፣ ሁሉም ዓይኔ ላይ መጣ። «የአጻጻፍ ስህተት» ብል ሦስት ጊዜ ጣቴ ሳተ ማለት ነው፤ እኔ የምጎበኛቸውን ሌሎቹን የጥናቱን ሽማግሌዎች የሚያያቸው አይኖርም። ከሌሎቹስ ማንን በትክክል ጠይቄያለሁ? አላውቅም ነበር። ይህ አለማወቄ ነው ከሥራ ከመባረር ይበልጥ ያስፈራኝ። «ሌላ» የሚለውን ከፍቼ፣ «ጥያቄው አልተጠየቀም። ሠራተኛዋ በሽተኛውን ስላፈረቻቸው» ብዬ ጻፍኩ። ዶክተር ሻውል መነጽሩን አድርጎ ከላይ እስከ ታች አነበበውና ፈረመ።

ለጥቂት ወራት ከጉብኝት ታገድኩ፤ ስልጠናውንም እንደ ጀማሪ ደገምኩ። በሻይ ክፍሉ በር ላይ ከስሜ ጎን ያለው ቀይ ከሁሉ በለጠ። ስመጣ ወሬ የሚቋረጥ ይመስለኝ ነበር። ሌሎቹን ሽማግሌዎች ሌላ ሠራተኛ በስልክ ጠየቀቻቸው፤ ከመሃላቸው የሚደሙ ሁለት ሰዎች ተገኙ። መድኃኒታቸው በጊዜ ተቋረጠ። ይህን ስሰማ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

እገዳዬ ሲነሣ የመጀመሪያ ሥራዬ ሺምሾን መሄድ ነበር። የአባባ ፈረደ መድማት የተጀመረበት ቀን በመዝገቡ ላይ አልሞላም፤ ሌላ ሰው ቢላክ የሚነግሩት አልሆኑም። አባባ ከስተዋል፤ ወንበራቸው ላይ ትራስ ደግፏቸዋል። እማማ ትርንጎ ልብስ እያጣጠፉ ነው። ኮምፒውተሩን ሳልከፍት ነገርኳቸው። ሦስቱንም ጊዜ ጥያቄውን እንደዘለልኩ፣ በስማቸው «አይ» እንደጻፍኩ፣ በዚያ የተነሣ የሚገድላቸው መርፌ ሊሰጣቸው እንደነበር።

«ብትጠይቂኝም አልነግርሽም ነበር» አሉ አባባ። «መድኃኒቱ ጎዳኝ ብል አለቆችሽ ምን ይሉሻል? ከኛ ልጆች እዚያ ወንበር ያገኘሽ አንቺ ብቻ ነሽ። በኔ ምክንያት ስምሽ እንዲጠፋ?»

እንግዲህ እሳቸውም እኔን ሲጠብቁ ነበር። እኔ አፍሬያቸው፣ እሳቸው ለእኔ ፈርተው፣ በመሃል ደማቸው ይፈሳል። ይህ ቀለለሽ ወይ ብትሉኝ አልቀለለኝም።

«አሁን ግን እጠይቅዎታለሁ፣ አባባ» አልኩ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ጥያቄውን በአማርኛ፣ አንዲት ቃል ሳልቀንስ ጠየቅኳቸው። አባባ ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ።

«መቼ እንደጀመረው እንጃ» አሉ።

«ከፋሲካ በፊት ነው» አሉ እማማ ትርንጎ ከኋላዬ። እጃቸው ላይ ያለውን ካናቴራ አጣጥፈው ከሌሎቹ ላይ አኖሩት። «የመጀመሪያ ቀን ሻይ ስትጠጪ ነበረበት። ልብሱን የማጥበው እኔ ነኝ። እኔን ማን ጠየቀኝ?»

ሦስቱንም ጊዜ እዚያው አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። ቀኑን ጻፍኩና ተነሣሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጡረታ እስክወጣ ድረስ በየቤቱ ባልየውን ከጠየቅኩ በኋላ ሚስትየዋን ወጥ ቤት ተከትዬ እጠይቅ ነበር፤ ሚስትየዋንም ከጠየቅኩ በኋላ የምታጥብላትን ልጅ። መልሱ ከማን እንደመጣ የሚጻፍበት ሳጥን እንዲጨመር ዶክተር ሻውልን ነዘነዝኩት፤ እሱም በላይ ያሉትን ነዘነዘ። ከዓመት በላይ ፈጅቶ ተጨመረ። በሥራ ዘመኔ የምኮራበት ነገር ቢኖር እሱ ነው።

አንድ የማይታረም ነገር ግን አለ። ከአባባ ፈረደ ጥናት በፊት በዚሁ መድኃኒት ላይ ሌላ ጥናት ሠርተን ዘግተናል። የተዘጋ መዝገብ አይከፈትም። በዚያ ጥናት ውስጥ የነበሩ ሽማግሌዎቼን ሁሉ በትክክል ጠይቄ እንደሆነ ለማስታወስ ስንት ጊዜ ዓይኔን ጨፍኜ እንደሞከርኩ! አንዳንዱን አስታውሳለሁ፣ አንዳንዱን ግን «ተመስገን» ያሉኝን ብቻ ነው የማስታውሰው። ለዶክተር ሻውል ነገርኩት፣ እሱም ጻፈ። «ደብዳቤያችሁ ደርሶናል» የሚል መልስ መጣ። ከዚያ በኋላ ምንም አልተሰማም። መድኃኒቱ ተፈቀደ፤ ዛሬ በየፋርማሲው አለ።

ባለፈው ወር የእኔም ልብ ምቱ ተዛባ። የኩፓት ሆሊሙ፣ የጤና መድኑ፣ ሐኪም አንድ ክኒን አዘዘልኝ። ሣጥኑን ሳየው አወቅኩት። ቤት ገብቼ ውስጡ ያለውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ አነበብኩ። ስለ ሆድ ዕቃ መድማት የሚለው ቦታ ላይ «አልፎ አልፎ» ይላል። ያቺ «አልፎ አልፎ» ከየት እንደመጣች አውቃለሁ፤ ከብዙ ሺህ ሳጥን ተለቅማ ነው፣ ከመካከላቸውም የእኔ «አይ»ዎች አሉ። ስንቱ እውነት እንደሆነ የሚያውቅ የለም። እኔም አላውቅም።

ክኒኑን በእጄ ይዤ ብዙ ቆየሁ። ሳልውጠው ብቀር ደሜ ረግቶ ይገድለኛል። ዋጥኩት። ከዚያ ልብሴን የምታጥብልኝን ትንሿን ልጄን ጠርቼ አጠገቤ አስቀመጥኳት።

«ልብሴን ስታጥቢ ደም ወይ የጠቆረ ነገር ካየሽ፣ ለእኔ ሳትነግሪ በቀጥታ ለሐኪሙ ደውዪ» አልኳት።

«ኢማ! ምንድን ነው እንዲህ ያለ ወሬ?» አለች አፍራ። «ራስሽ አትነግሪውም?»

«ሐኪሙ ሲጠይቀኝ አይ እለው ይሆናል» አልኳት። «አይ ካልኩ አትመኚኝ።»